ላልሆነ ግጥምጥሞሽ አናጨብጭብ

ክቡራን የሒሳብ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፤

እንደ ልማዳችን በማርች 14 ተሰብስበናል። ቀኑ የተመረጠበትን ምክንያት ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ወርን ከቀን በሚያስቀድመው አጻጻፍ 3/14 የፓይን፣ ማለትም የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ያለውን ውድር፣ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች ይሰጣል፤ ከዚያ ያለፈ ታሪካዊ መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1988 ላሪ ሾው የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ በሳን ፍራንሲስኮው ኤክስፕሎራቶሪየም ሙዚየም የጀመረው ጨዋታ ነው፤ ዩኔስኮ በ2019 ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ብሎ ሲያውጀውም ጨዋታነቱ አልጠፋም። ቀንን የሚያስቀድሙት ደግሞ ጁላይ 22ን ያከብራሉ፤ 22/7 ከ3.14 ይልቅ ለፓይ የቀረበ በመሆኑ፣ በእኔ ፍርድ ክርክሩን የረቱት እነርሱ ናቸው።

እንዲህ ያሉ በዓላት ማንንም ስለማያታልሉ ከእነርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ቅሬታዬ ታሪክ መስለው ከሚቀርቡት ጋር ነው። ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከዚሁ መድረክ ስንት ጊዜ ሰማነው? ስንት ጊዜስ አጨበጨብንለት?

እስቲ እንቁጠረው። ጋሊሊዮ በፍሎረንስ አጠገብ ባለችው በአርቼትሪ ያረፈው ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ሲሆን፣ ይህ ጣሊያን ከ1582 ጀምሮ በተቀበለችው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ኒውተን ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ተወለደ የሚባለው ግን እንግሊዝ እስከ 1752 ሳትለቀው በቆየችው፣ በዚያን ጊዜ ከጎርጎርዮስ አሥር ቀን ወደ ኋላ በቀረው በቀድሞው የዩልዮስ አቆጣጠር ነው። ሁለቱን በጎርጎርዮስ ብናደርጋቸው ኒውተን የተወለደው ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል። ሁለቱን በዩልዮስ ብናደርጋቸው ደግሞ ጋሊሊዮ የሞተው ዲሴምበር 29 ቀን 1641 ነው። በየትኛውም ወጥ አቆጣጠር ዓመቶቹ አይገጥሙም! ሜትርንና ጫማን ሳይቀይር የደመረ ተማሪ ዜሮ እንሰጠዋለን፤ ተመሳሳይ ስህተት በክብር እንግዳ አንደበት ሲነገር ግን ከመቀመጫችን እንነሳለን።

ጉዳቱ የቀን ብቻ አይደለም። ሊቅነት ከሟች ወደ ሕፃን የሚተላለፍ ከመሰለን፣ በመካከል የደከሙት ሰዎች ይረሳሉ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1630 ቢሞትም፣ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ሥራው ያብራራው የፕላኔቶች እንቅስቃሴ ኬፕለር ሕጎቹን ያወጣለት ነበር፤ የልደትና የሞት ቀኑ ስላልገጠመ ግን በእነዚህ ንግግሮች ውስጥ ቦታ አላገኘም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እንኳ ጋሊሊዮ ከሞተ ልክ በ300ኛው ዓመት፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1942፣ መወለዱን ሲያነሣ በዚያው ዕለት ወደ ሁለት መቶ ሺህ የሚገመቱ ሌሎች ሕፃናትም መወለዳቸውን ይጨምር ነበር።

መከበር ያለበት ሥራ የተሠራበት ቀን ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1843 አየርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሃሚልተን ከባለቤቱ ጋር በደብሊን የሮያል ቦይ ዳር ሲሄድ፣ ለዓመታት ሦስት አባላት ባሏቸው ቁጥሮች አልሳካ ያለው ማባዛት አራት አባላት ባሏቸው እንደሚሠራ በድንገት ተገለጠለት፤ የእነዚህን ባለ አራት አባል ቁጥሮች፣ የኳተርኒየኖችንም ሕግ በብሩም ድልድይ ድንጋይ ላይ በቢላ ቀረጸ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ ማርች 30 ቀን 1796፣ አሥራ ሰባት ጎን ያለው፣ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል በማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ አሰፈረ። ስለ ሌሎቹ ጊዜ አይበቃንም።

ለአዘጋጅ ኮሚቴው ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው፣ ከዚህ መድረክ የሚነበብ ቀን ሁሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደተቆጠረ ይነገር። ሁለተኛው፣ የፈጠራ በዓል ለሚወዱ ኦክቶበር 10 ቀን 1582ን አቀርባለሁ። በዚያ ዓመት ከዩልዮስ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሻገሩ በሮም ከኦክቶበር 4 ማግስት 15 ሆኖ ስለ ነጋ፣ በዕለቱ በከተማዋ ማንም አልተወለደም፣ ማንም አልሞተም፤ ግጥምጥሞሽ ሊፈጠርበትም አይችልም። ለበዓሉ ተናጋሪ ከተፈለገ ራሴን እጠቁማለሁ።