ቁጥሩ ደህና ነበር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ።

እንደምታውቁት ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። የሲቢሲ፣ የደም ሕዋሳት ቆጠራ ማለት ነው፣ ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ደም እንዲረጋ ወደሚያደርገው ወደ ፕሌትሌት ነው። በማይክሮሊትር ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ከሆነ ደህና ነው፣ አልፋለሁ። አክስቴ እግሯ ተሰብሮ ጀሶ ታስሮላት ተኝታ ሳለ ጎኗን ውጋት ያዛት። ቤት ያለው ሁሉ «ብርድ ነው» አለ። እኔም ደሟን ወስጄ አየሁላት፤ ፕሌትሌቷ 240 ሺህ። «እትዬ፣ ደምሽ ንጹሕ ነው» አልኳት።

በማግስቱ መተንፈስ አቃታት። ሲቲ ስትነሣ የረጋ ደም ከእግሯ ወጥቶ ሳንባዋ ውስጥ ተቀርቅሯል።

ያ 240 ሺህ እስካሁን ይከነክነኛል። ማሽኑ እኮ አልተሳሳተም። የቆጠረው ግን ስንት እንደሆኑ ነው፤ ምን እየሠሩ እንደሆነ ከየት ያውቃል?

ፕሌትሌት፣ በእኛው አርጊ ሕዋስ የምንለው፣ ኒውክለስ እንኳ የለውም። መቅኔ ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሕዋሳት የሚቆረስ ፍርፋሪ ነው፤ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን። ፍርፋሪ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፣ ስንቅ አለው። ደም ውስጥ ያለውን ሴሮቶኒን ከሞላ ጎደል ተሸክሞ የሚዞረው እሱ ነው፤ አንጀት ይሠራዋል፣ ፕሌትሌት ይለቅመዋል። የረጋው ደም ሳንባ ላይ ሲቀረቀር፣ እሱ ላይ የተለጠፉት ፕሌትሌቶች ያንን ስንቅ ይዘረግፉታል። ትሮምቦክሴን የሚባል ሌላም ነገር ይጨምሩበታል። ሁለቱም የሳንባን ደም ሥር ያኮማትራሉ። እኔ ነገሩ ድንጋይ እንደገባበት ቧንቧ ይመስለኝ ነበር። ለካ የተደፈነው ሳያንስ ያልተደፈነውም ይጠብባል! የልብ ቀኝ ክፍል በዚያ ላይ ሲገፋ ሲገፋ ይደክማል።

ሴሮቶኒን ካልኩ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሚኖሬክስ የሚባል የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ክኒን ስዊዘርላንድ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ ይሸጥ ነበር። በ1965 ገበያ ገባ፤ የሳንባ ደም ግፊት የያዛቸው ሰዎች እየበዙ መጡ፤ በ1968 ክኒኑ ተነሣ። ለመክሳት ብሎ ሳንባን መክፈል ይገርማል። ክኒኑ የሴሮቶኒንን ሥራ ይነካ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ሴሮቶኒንን አጥብቀው እንዲጠረጥሩት ካደረጉት ታሪኮች አንዱ ይኼ ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። አብዛኛው ሰው ላይ የረጋው ደም በወራት ውስጥ ይሟሟል። የእሷ ሙሉ በሙሉ አልሟሟም። ጠባሳ ሆኖ ግድግዳው ላይ ቀረ፤ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ የሳንባዋ ደም ግፊት ከፍ ብሏል። «ዋርፋሪኑን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ?» ብላ ተቆጣች፤ ደም እንዳይረጋ የታዘዘላትን መድኃኒት ማለቷ ነው። ዋርፋሪን እኮ ፕሌትሌትን አይነካም፤ ጉበት የሚሠራቸውን የማርጊያ ፕሮቲኖች ነው የሚይዘው። ፕሌትሌት ደግሞ የደም ሥር ግድግዳን የሚያሳድግ ነገርም ይለቃል፣ ግድግዳው ይወፍራል። የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «አስፕሪን እንጨምርላት!» አለ። ሐኪም ሳያዝ አይሆንም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ደም የመፍሰሱ አደጋ ይጨምራል።

አሁን የዋርፋሪን ምርመራዋን ባደረገች ቁጥር ደውላ «ቁጥሬ ስንት ነው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ከዚያ እኔ ደግሞ እጠይቃታለሁ፣ «እትዬ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስትወጪ ስንት ቦታ አረፍሽ?»

ባለፈው እሑድ «ሁለት» አለችኝ።