እጥበትና ልብ (ልብስ አላልኩም)

እሺ፣ መጣሁ። ዛሬም የኩላሊት እጥበት ታካሚ ስለሚመዘንበት ሚዛን ነው፤ ሳቁ፣ ለምዶብኛል። ግን አልለቅ ያለኝ ሚዛኑ ሳይሆን የእጥበቱ ሦስተኛ ሰዓት ነው።

ቀስ ብለን እንየው። ደረቅ ክብደቱ (ትርፍ ውሃ ሳይዝ የሚመዝነው) 60 ኪሎ የሆነ ሰው 3.6 ሊትር ትርፍ ውሃ ይዞ መጣ እንበል። በ4 ሰዓት ውስጥ ይውጣ ተባለ። በሰዓት 900 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ60 ስታካፍሉት በሰዓት በኪሎ 15 ሚሊ። ብዙ ጊዜ ጣሪያ የሚባለው 13 ነው። ማሽኑ የሚስበው ደም ሥር ውስጥ ካለው ነው፤ አብዛኛው ውሃ የተከማቸው ግን ሥጋው ውስጥ። ከሥጋው የሚመለሰው ማሽኑን ካልደረሰበት ደም ሥሩ ይጎድላል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሰውዬው ያዛጋል። አዎ፣ ማዛጋት! እንቅልፍ መስሎት ዝም የሚል አለ። ቀጥሎ ላብ፣ የባት መኮማተር፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ዘጭ። ውሃ መሳቡ ይቆማል፣ እግር ከፍ ይላል፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሳላይን (ጨው ያለው ፈሳሽ) በደም ሥር ይገባል። ግፊቱ ተመለሰ፣ ሁሉም ወደ ሥራው።

ልቡስ?

በዚያች ሰዓት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ቢነሳ የልቡ ግድግዳ እዚህም እዚያም መኮማተሩ ሊደክም ይችላል። የልብ ደም ሥሮቹ ባልተዘጉ ሰዎች ላይ ጭምር። ብዙውን ጊዜ በኋላ ይነቃል። ግን በሳምንት 3 ጊዜ... ሲደጋገም የነቃው ሁሉ አይነቃም፤ ቀስ እያለ ጠባሳ ይሆናል። የሚያናድደው፣ ግፊቱ ሳይወርድም ይከሰታል።

ያው 3.6 ሊትር በ5 ሰዓት ውስጥ ቢወጣ 12 ላይ ይወርዳል። ቀላል ሂሳብ። ግን አንድ ሰዓት ጨምሩ ስትሉት ወንበሩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ ታካሚውም መርፌው እስኪነቀል ደቂቃ ይቆጥራል። ውሃ ቀንስ ማለትስ? ጨው እየበላ እንዴት አይጠማው!

ቆይ፣ ሙቀቱ። የእጥበቱን ፈሳሽ ከ37 ወደ 36 ገደማ ዝቅ ስታደርጉት ደም ሥሩ ይጠብባል፣ ግፊቱም ይሻለዋል። ይበርዳል ይላሉ እንጂ። በኢኮም ልቡ ሲተርፍ ታይቷል። እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በ2022 የወጣው የካናዳው፣ የኦንታሪዮው ትልቅ ጥናት፣ በማዕከል ደረጃ የታካሚዎቹን ሁሉ ፈሳሽ አቀዝቅዞ፣ የልብ ሞትና ሆስፒታል መግባትን አልቀነሰም። እና ኢኮው ዋሸ? አይመስለኝም። ወይም... እንጃ።

ፊስቱላውን ደግሞ (ለእጥበቱ ተብሎ ክንድ ላይ ደም ወሳጁ ከደም መላሹ ጋር በቀዶ ጥገና የሚገናኝበትን) አላነሳሁም። ማሽኑ ጠፍቶም፣ ሌሊት ተኝቶም፣ በደቂቃ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ደም በአቋራጭ እየተመለሰ፣ ልብ ያንንም ጭምር... እሱን ከጀመርኩማ...