በእጅ ያለ መዳብ፦ ሕዝብ ለጤና መድን ለውጥ ስለሚሰጠው ምላሽ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጤና መድን ባለሙያዎች፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎችና ጋዜጠኞች፣

ስለ ጤና መድን ለውጥ ስንሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ አረቦን፣ ስለ ድጎማና ስለ ሽፋን ነው። እኔ ዛሬ መናገር የፈለግሁት ግን ለውጡ በተሰማ ማግስት አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ ስለሚጮኸው ሰው ነው። ይህን ሰው «አልገባውም» ብለን የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ እናዘጋጅለታለን፤ ግንዛቤው የጎደለው ከእኛ በኩል ሊሆን እንደሚችል ግን እምብዛም አንጠረጥርም። ማሳያ የማደርገው የአሜሪካን ታሪክ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2009 ኦገስት ወር የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን ስለቀረበውና በኋላ «ኦባማኬር» ስለተባለው የጤና መድን ረቂቅ ሕግ ለማስረዳት ወደየመራጮቻቸው ሲሄዱ፣ በብዙ አዳራሾች የጠበቃቸው ጩኸት ነበር። በደቡብ ካሮላይና አንድ ሰው መንግሥት እጁን ከሜዲኬሬ ላይ ያንሣ ማለቱ ለረጅም ጊዜ መሳለቂያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሜዲኬር ከ1965 ሕግ ጀምሮ መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድረው የአረጋውያን መድን ነውና። እኔ ግን በዚህ ሰው መሳቅ ትቻለሁ። ለውጡ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከፊሉ የሚገኘው በሜዲኬር ክፍያዎች ላይ የሚታየውን ዕድገት በመቀነስ እንደሆነ በረቂቁ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። ስለዚህ ሰውየው የመድኑን ባለቤት ቢሳሳትም፣ ከእጁ ሊነካ የሚችል ነገር መኖሩን ግን አልተሳሳተም።

ወቅቱንም አብረን እናስታውስ። ባንኮችን ለመታደግ እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር የተፈቀደው በ2008 መገባደጃ ነበር። በ2009 ሰኔ የዓለም ጤና ድርጅት የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛን ወረርሽኝነት አወጀ፤ በጥቅምት ደግሞ የሥራ አጡ ቁጥር ከመቶ 10 ደረሰ። የባንኮቹን መዳን፣ የራሱን ሥራ ማጣትና የልጁን ሳል አንድ ላይ ተሸክሞ ወደ አዳራሽ የገባ ሰው ረቂቅ ሕጉን ከሌላው ዜና ነጥሎ አይመዝነውም። «ለምን አሁን?» ሲል የሚጠይቀው ስለ መድኑ ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ የመድን የራሱ ጠባይ ይጨመራል። ከፋዩ ዛሬ ይታወቃል፤ ተጠቃሚው ግን ገና አልታመመም፤ ስለዚህም እጁን አውጥቶ ሊመሰክር ወደ ስብሰባው አይመጣም። ጤነኛ ሆኖ ዓመቱን የጨረሰ ሰው አረቦኑን እንደ ባከነ ገንዘብ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ። በጤና መድን ዘንድ ግን ነገሩ ሲገለበጥ አይቻለሁ፤ በእጅ ያለ መዳብ ሊወሰድ ነው በተባለ ዕለት ወርቅ ይሆናል። ሕጉ በማርች 21 ቀን 2010 በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 በሆነ ድምፅ አልፎ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈረመ። በ2017 ሕጉን ለመሻር ሲሞከር አዳራሾቹ እንደገና በጩኸት ተሞሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚጮኹት፣ የቆየ ሕመም ስላለባቸው መድን ሰጪ እንዳይከለክላቸው የሚጠብቃቸውን አንቀጽ የሚከላከሉ ነበሩ። የመሻሪያው ሐሳብ በጁላይ 28 ሌሊት፣ ሴናተር ጆን ማኬይን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ባደረጉበት ድምፅ፣ 51 ለ49 ወደቀ። በ2009ኙም ሆነ በ2017ቱ አዳራሽ የተሰማው ስጋት አንድ ነበር፤ የተለወጠው በሰዎች እጅ ያለው ነገር ነው።

ስለ ውሸት ከተነሣ ሁለቱንም ወገን ማንሣት ይገባል። ፖለቲፋክት የተባለው የፖለቲከኞችን ንግግር እውነትነት የሚያጣራ ተቋም የ2009 የዓመቱ ውሸት ያለው፣ የቀድሞዋ የአላስካ ገዥ ሳራ ፔሊን ያሰራጩትን «የሞት ሸንጎ» የሚለውን አባባል፣ ማለትም ማን ሕክምና ማግኘት እንደሚገባው የመንግሥት ሹማምንት ይወስናሉ የሚለውን ነበር። በ2013 ደግሞ ያንኑ ስያሜ የሰጠው፣ የወደዳችሁትን መድን ይዛችሁ መቀጠል ትችላላችሁ ለሚለው የፕሬዚዳንት ኦባማ ቃል ነው፤ በዚያ ዓመት እጅግ ብዙ ሰዎች የመድን ውላቸው መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበርና፣ ፕሬዚዳንቱም ይቅርታ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት የበለጠ የጎዳው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሕዝቡ አምኖት የነበረው እርሱን ነው።

የሞት ሸንጎውም ቢሆን ከባዶ አልተነሣም። በረቂቁ ውስጥ የነበረው አንቀጽ፣ አረጋዊው ፈቅዶ ስለ መጨረሻ ዘመን ሕክምናው ከሐኪሙ ጋር ሲመካከር ሜዲኬር ለምክሩ እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። ከአሉባልታው ሥር የነበረው ጥያቄ «መናገር ሲያቅተኝ በእኔ ላይ የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው «ሐሰት ነው» በሚል መግለጫ አይረካም። አንቀጹ በጩኸቱ ምክንያት ከረቂቁ ወጣ። ሜዲኬር ለዚሁ ምክክር መክፈል የጀመረው በ2016 ሲሆን፣ ያን ጊዜ እንደ 2009ኙ ያለ ሁካታ አልተሰማም።

ከሰዓት በኋላ በቡድን ስትወያዩ የሕዝብ ቅሬታዎችን የምትመዘግቡበት ቅጽ ይታደላችኋል። በቅጹ ላይ «የተሳሳተ መረጃ» ከሚለው ዐምድ ጎን አንድ ዐምድ በእጃችሁ አስምሩና፣ ከእያንዳንዱ አሉባልታ ሥር ያለውን ጥያቄ ጻፉበት። መልሱ በረቂቁ ውስጥ ካልተገኘ፣ ወደ አርቃቂዎቹ የሚመለሰው ረቂቁ ይሁን።

አመሰግናለሁ።