አባ ጉማሬ እና የጎማው ገበር

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ሜሮን፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ከጅማ ነን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲንጫጫ ከሰማችሁ አትፍረዱብን፤ ጅማ ነው። የዛሬውን ርዕስ ፉአድ ይናገር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዘኝ የከረመው እሱ ነው።

ፉአድ፦ የወፍራም ጎማ ሳይክል። ፋት ባይክ የሚሉት። እና ጎማው ቶሎ ቶሎ እንዳይበሳ ውስጡ የሚነጠፈው ነገር። ፈረንጆቹ ላይነር ይሉታል። እኔ ገበር ብዬዋለሁ።

ሜሮን፦ እንደ ኮት ገበር?

ፉአድ፦ እንደ ኮት ገበር። ኮቱ ጎማው ነው። ሰውነትሽ ከመነዳሪው ነው። መሀል ላይ ያለው ገበር ነው። አለቀ።

ሜሮን፦ ቆይ፣ ከመነዳሪ ነው ያልከው? አባቴ «ካላማዳሪያ» ነው የሚለው።

ፉአድ፦ የእኛ ሰፈር ጎሚስታ «ከመነዳሪ» ይላሉ። ሁለታችሁም አበላሽታችሁታል። ጣሊያንኛ ነው፤ «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ነው። ጎሚስታም ጣሊያንኛ ነው። ሰዎቹ አምስት ዓመት ቆይተው ጋራዡን በሙሉ ሰይመውልን ሄዱ።

ሜሮን፦ እሺ አባ ጉማሬ፣ ወደ ርዕስህ።

ፉአድ፦ አየሽ! አሁን አድማጭ «አባ ጉማሬ ማነው» ይላል።

ሜሮን፦ አድማጭ ሳይክልህን ጉማሬ ብለህ እንደሰየምክ ያውቃል። ባለፈውም ነግረኸዋል። ከዚያ በፊትም።

ፉአድ፦ ለአዲስ አድማጭ እንንገር። አባ ጅፋር ማለት የጅፋር አባት ነው። ጅፋር ፈረሱ ነው። የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። እኔ ፈረስ የለኝም። ሳይክል አለኝ። ሳይክሌ ደግሞ እግሩ ወፍራም ነው፣ ጭቃ ይወዳል፣ ቁርጥ የቦዬ ጉማሬ ነው። ስለዚህ እኔ ማን ነኝ?

ሜሮን፦ አባ ጉማሬ። ግን የንጉሡ ፈረስ ቁልቁለት ላይ አልተነፈሰበትም።

ፉአድ፦ (ሳቅ) እሱን ልናወራ አይደል የመጣነው!

ሜሮን፦ በመጀመሪያ ሳይክሉን ላላዩት ንገራቸው።

ፉአድ፦ የባጃጅ ጎማ ጎኑ ላይ 4.00-8 የሚል ጽሑፍ አለ አይደል? አራቱ ስፋቱ ነው፣ በኢንች። የጉማሬም ስፋት አራት ኢንች ነው። 10 ሴንቲ ገደማ። ተራው የተራራ ሳይክል ሁለት ኢንች ምናምን ነው። በአጭሩ እኔ የባጃጅ ጎማ ያህል በእግሬ እየገፋሁ ነው የምሄደው።

ሜሮን፦ ለምን?

ፉአድ፦ እንዴት ለምን? ይሄ እኮ ለአላስካ በረዶና ለኒው ሜክሲኮ አሸዋ ታስቦ የመጣ ነው። በፈረንጅ 2005 ሰርሊ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ፐግስሊ የሚለውን ሳይክል አውጥቶ በብዛት ሸጠው። ከዚያ ዓለም ለመደው።

ሜሮን፦ ጅማ በረዶም አሸዋም የለም።

ፉአድ፦ ጭቃ አለ! ሐምሌ ላይ ከቆጪ በኩል መጥተሽ ታውቂያለሽ? ጎማው ሰፊ ስለሆነ አየሩን ቀንሰሽ ትሄጃለሽ፤ አይሰምጥም። ችግሩም እሱ ነው። ሰፊ ስለሆነ ብዙ መሬት ይጠርጋል። መሬት ላይ ያለ እሾህ ሁሉ የእሱ ነው።

ሜሮን፦ አሁን ወደ ጅሬኑ ታሪክ ልትገባ ነው። ፊትህ ያስታውቃል።

ፉአድ፦ ልግባ?

ሜሮን፦ ማን ሊከለክልህ።

ፉአድ፦ እሁድ ጠዋት ነው። ገበሩን ያስገባሁት ቅዳሜ ማታ ነው። ቀጭን ፕላስቲክ ነገር ነው፤ እንደ ቀበቶ የተጠቀለለ። በጎማውና በከመነዳሪው መሀል ዙሪያውን ታነጥፊዋለሽ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጓደኛዬን ለምኜ ነው ያስመጣሁት። ኩራቴን ልነግርሽ አልችልም። ወደ ጅሬን ስወጣ መንገድ ላይ እሾህ ባይ አልሸሽም ነበር። እንዲያውም ፈልጌ ነበር የምሄድበት።

ሜሮን፦ ሆን ብለህ?

ፉአድ፦ ልፈትነዋ! አንድ ቦታ የኮሽም አጥር ከርክመው መንገድ ላይ ጥለውታል። የኮሽም እሾህ ታውቂያለሽ፣ ወስፌ ነው። በላዩ ሄድኩ። ምንም። ዞሬ ተመለስኩና ደገምኩት። ምንም!

ሜሮን፦ አንተ ልጅ ጤነኛ አይደለህም።

ፉአድ፦ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ደረስኩ። ሰገነቱን እያየሁ ውሃ ጠጣሁ። ያ ሁሉ እንጨት እስካሁን መቆሙ... እሱን ተይው። ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ኋላዬ መሟሸሽ ጀመረ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ወርጄ ሳየው ጎማው ተኝቷል። ልጆች ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ «ሳይክሉ ሞተ! ሳይክሉ ሞተ!» እያሉ ከበቡኝ።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ቀብር ነው የወረደው።

ፉአድ፦ እየገፋሁ ስወርድ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቡና እየቆሉ ነው። «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ» አሉኝ፤ ና፣ ቡና ጠጣ ማለታቸው ነው። ላቤን አይተው ነው መሰለኝ። ቁጭ አልኩ። ጎማውን ትክ ብለው አዩትና «ሞተር ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ሳይክል ነው» አልኩ። «ታዲያ ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?»

ሜሮን፦ (ረጅም ሳቅ) በእውነት እኚህን እናት እንጋብዛቸው።

ፉአድ፦ አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውን ጠጣሁ። ሳይክሉን ረስቼዋለሁ። በረካው ላይ ነው ትዝ ያለኝ። «እማማ፣ ሳፋ ውሃ ይኖራል?» አልኳቸው። ከመነዳሪውን አወጣሁ፣ ትንሽ ነፋሁት፣ ውሃ ውስጥ እያዞርኩ ነከርኩት። ብልቅ ብልቅ አለ። ቀዳዳው ተገኘ። አሁን ስሚኝ። የእሾህ ቀዳዳ ነጥብ ናት። ይሄ ግን ስንጥቅ ነው። በምላጭ የተሰመረ ይመስላል።

ሜሮን፦ ብርጭቆ?

ፉአድ፦ እኔም ብርጭቆ ነው ያልኩት። ጎማውን ከውስጥም ከውጭም ዳበስኩት። ምንም የለም። ኪሴ ያለው ማስቲሽ ደርቋል። እስከ ጎሚስታው ድረስ ገፋሁ። ሽማግሌው ገበሩን መዘዝ አደረጉና ጫፉን በጣታቸው ነኩት። «ይሄን ማን ከተተው?» «እኔ።» «ሌባውን ቤት አስገብተህ በሩን ቆለፍክበት» አሉኝ።

ሜሮን፦ እንዴ! ራሱ ገበሩ ነው የቀደደው?

ፉአድ፦ ራሱ! እሾሁን ሁሉ መልሷል፤ እዚያ ላይ አልዋሸኝም። ከመነዳሪውን የበሳው የራሱ ጫፍ ነው። ሂሳቡንም የባጃጅ አስከፈሉኝ።

ሜሮን፦ ታዲያ ለምን ልታስተዋውቅልን መጣህ? እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ነገር ሊጠብቅህ ገብቶ ራሱ ከበሳህ፣ ያ ነገር አይረባም።

ፉአድ፦ አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያስመጣሁት ለሁለት ኢንች ጎማ የሚሆነውን ነው። ቀጭኑን። አራት ኢንች ጎማ ውስጥ ሁለት ኢንች ገበር ምን ያደርጋል? ይዋኛል። ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ ለጭቃ ብዬ አየሩን ወደ 10 ፒኤስአይ አውርጄው ነበር፤ ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ጎማው በላላ ቁጥር በየዙሩ ይጨማደዳል፤ ገበሩም ከቦታው ይንሸራተታል። ጫፉ ደግሞ መቀስ የቆረጠው ነው። ጅሬን ደርሼ እስክመለስ ድረስ እንደ መጋዝ ሲሞርድ ነበር።

ሜሮን፦ ስለዚህ ሰፊ ገበር ነው መፍትሔው።

ፉአድ፦ ለጎማው ስፋት የተሠራ። ጫፉን ክብ አድርገሽ ትቆርጪዋለሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሺዋለሽ። ሁለቱ ጫፎች የሚደራረቡበትን ቦታ ከቫልቩ ታርቂዋለሽ። ከመነዳሪው ላይ የሕፃን ፓውደር ትነሰንሺበታለሽ፤ እንዳይፋተግ። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ትነፊውና ገበሩ መሀል ላይ መሆኑን ታያለሽ። ከዚያ በፊት ግን ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ጥረጊው። የቀረ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል።

ሜሮን፦ አባቴ በጥጥ ነው የሚያደርገው።

ፉአድ፦ ጥጥም ይሆናል። የነጠላሽን ጥለት ብቻ እንዳትሞክሪ።

ሜሮን፦ አሁን የአባቴን ነገር ልናገር፤ ቅድም ጀምሮ አላስገባ ብለኸኝ ነው። አባቴ በዚያች አሮጌ ሳይክል ሥራ ሲመላለስ ላይነር የሚባል ነገር አያውቅም። ያረጀ ካላማዳሪያ...

ፉአድ፦ ከመነዳሪ።

ሜሮን፦ ካላማዳሪያ! ቫልቩን ቆርጦ ያወጣዋል። በቁመቱ ይሰነጥቀዋል። አዲሱን በአሮጌው ያለብሰዋል። በቃ። ገንዘብ የለም፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት የለም። ጎማ ጎማን አይቆርጥም።

ፉአድ፦ አይቆርጥም፣ እውነት ነው። ግን ለስላሳ ስለሆነ ረጅም እሾህ ያልፈዋል። የኮሽም እሾህ በአሮጌ ጎማ ይቆማል? ፕላስቲኩ ጠንካራ ነው፤ እሾሁን ያጥፈዋል። ሚስማርማ ሁለቱንም ያልፋል፣ ካገኘው።

ሜሮን፦ አባቴ ሲበሳበት አላየሁም።

ፉአድ፦ አባትሽ ሆን ብሎ እሾህ ላይ አይነዳማ!

ሜሮን፦ (ሳቅ) እሱስ አዎ።

ፉአድ፦ ደግሞ ለጉማሬ ከየት ይገኛል? በስፋት የሚበቃው የባጃጅ ከመነዳሪ ነው። የባጃጅ ቸርኬ ግን 8 ኢንች ነው፤ የእኔ 26። ዙሪያውን አይደርስም። ሁለቱን መቀጠል ነው። የተቀጠለበት ቦታ ደግሞ ያብጣል።

ሜሮን፦ ይቀጠላ። ጎሚስታው ያጣብቁታል።

ፉአድ፦ ክብደቱስ? ጅሬንን ሁለት የባጃጅ ከመነዳሪ ተሸክሜ ልውጣ?

ሜሮን፦ ወፍራም ጎማ የመረጥከው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። ፈሳሹስ? ከመነዳሪ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፉአድ፦ አለ። ነጥብ የምታህል ቀዳዳ ይደፍናል። ስንጥቅ አይደፍንም። ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጎማ ብዙ ይፈልጋል። እሱ የራሱ ቀን ይኑረው።

ሜሮን፦ አንድ ያልገባኝ ነገር። ገበሩ ከገባ ድሮ የሚበሳኝ ሁሉ ቀረ ማለት ነው?

ፉአድ፦ አይቀርም! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ገበር የሚጠብቀው መሬት የሚረግጠውን ብቻ ነው። ጎኑን አይነካም። አየሩን አሳንሰሽ ድንጋይ ከመታሽ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ይጨፈለቃል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ታገኛለሽ። ፈረንጆቹ የእባብ ንክሻ ይሉታል። ለእሱ ገበር ምንም አያደርግም። ቫልቩ ሥር ከተቀደደም እንደዚያው። እሾህ፣ ብርጭቆ፣ ከከባድ መኪና ጎማ የሚረግፍ ቀጭን ሽቦ፣ እነዚህን ግን ይይዝልሻል። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ስትነጂ ያ ሽቦ ነው የሚገድልሽ። በዓይን አይታይም።

ሜሮን፦ አየሩስ ስንት ይሁን?

ፉአድ፦ የአስፋልት ሳይክል፣ ቀጭኑ፣ 80 እና 100 ፒኤስአይ ይሞላል። ጉማሬ አስፋልት ላይ 20 ገደማ ይበቃዋል። ጭቃ ላይ 10። ግን ገበር ካለው እኔ ከእንግዲህ 10 አላወርደውም። ተምሬያለሁ። ጎሚስታ ጋም ስትሄዱ ኮምፕሬሰሩን ሰክተው ዝም ብለው እንዳይለቁባችሁ። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ አንብባችሁ ንገሯቸው። ደግሞ ታውቂያለሽ? በአየር የሚሞላውን ጎማ ለሳይክል ያመጣው የእንስሳት ሐኪም ነው። ደንሎፕ። በፈረንጅ 1888፣ ቤልፋስት። ለልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል ብሎ።

ሜሮን፦ የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ልጆች፣ ሰምታችኋል? ጉማሬ ታሟል፣ ድረሱለት።

ፉአድ፦ (ሳቅ) አልታመመም! ሰፊው ገበር መጥቷል። ቅዳሜ አስገባዋለሁ።

ሜሮን፦ እንወራረድ። አንዱ እግር ላይ ያንተ ፕላስቲክ፣ አንዱ ላይ የአባቴ። የባጃጁን ካላማዳሪያ እኔ አመጣለሁ። ቀድሞ የተነፈሰበት ቡና ይጋብዛል።

ፉአድ፦ ተስማማሁ። የእኔ ፊት፣ የአባትሽ ኋላ።

ሜሮን፦ ጥሩ... ቆይ፣ ቆይ። ክብደቱ የሚያርፈው የት ነው?

ፉአድ፦ የቱ ክብደት?

ሜሮን፦ ያንተ ክብደት! ኋላ አይደለም እንዴ? ብዙ ጊዜ የሚበሳው ኋለኛው እንደሆነ አንተው አይደለህ የነገርከኝ?

ፉአድ፦ ... ነግሬሻለሁ?

ሜሮን፦ የአባቴ ፊት ይሆናል። ያንተ ኋላ።

ፉአድ፦ በእጣ።

ሜሮን፦ በእጣ የለም!

ፉአድ፦ እሺ ወር በወር እንቀያይራቸዋለን። አንቺ ግን ሳፋ ይዘሽ ነይ።

(ሙዚቃ)