ዶክተሩ ተዛወረ፣ ብረቱ ቀረ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሐዋሳ ከሰዓት ጀምሮ ዝናቡን እያወረደው ነው፤ ከኋላ የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ የቆርቆሮ ጣሪያዬ ነው። ታገሱኝ።

አዲስ ለሆናችሁ፣ እኔ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። ስክራብ ነርስ የሚባለው፤ ታጥቦ፣ ጋውን ለብሶ፣ ከሰርጀኑ ፊት ለፊት ቆሞ መሣሪያ የሚያቀብል። ስለዚህ ስለ ሰርጀን የማወራው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

የዛሬው ወሬዬ መሣሪያ ስለሚፈጥሩ ሰርጀኖች ነው። ፈጥረውም ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ስለሚያወጡ። ፓተንት ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚያቃጭለው ብር ነው። "ሰውዬው አንድ ነገር ፈጠረ፣ ሸጠ፣ በቃ ሀብታም ሆነ።" ብሩ ውሸት አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ እስክደርስ ትንሽ ላዙራችሁ።

በፎሊ ልጀምር። ሆስፒታል የተኛ ወይም ያስታመመ ሰው ይህን ስም ሰምቶታል። ሽንት አልወጣ ሲል የሚገባው ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለችው። ቱቦው ከገባ በኋላ ፊኛዋ በውሃ ትሞላና እንዳይወጣ ትይዘዋለች። እኛ "ፎሊ አምጪ" ነው የምንባባለው፣ ካቴተር እንኳን አንልም። ፍሬደሪክ ፎሊ አሜሪካዊ የሽንት ቧንቧ ሰርጀን ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ምን ዋጋ አለው፣ ለአንድ የጎማ ኩባንያ የሚሠራ ፖል ራይሽ የሚባል ሰው በጥቂት ወራት ቀድሞት ነበር። ተከራከሩ። ጉዳዩ ይግባኝ በይግባኝ ሲንከባለል ቆየና በመጨረሻ ፎሊ ተረታ። ፓተንቱ የራይሽ ሆነ፣ ስሙ ግን የፎሊ ቀረ። እስቲ ሂዱና ራይሽ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ነርስ ፈልጉ!

ይሄ የሚገርም ነገር ነው፤ ግን ለኔ ከፎሊ ይልቅ ልቤን የሚወስደው ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ነው።

ቶማስ ፎጋርቲ ይባላል። ያደገው ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ በማጽዳት ሥራ ጀመረ። ከዚያ ኦፕሬሽን ክፍል ገባና መሣሪያ አቀባይ ሆነ። አያችሁ? የኔ ሥራ! ሰውዬውን የምወደው ከዚህ የተነሳ መሆኑን አልደብቃችሁም።

እዚያ ቆሞ ምን አየ? የረጋ ደም ድንገት የእግር ደም ቅዳ ውስጥ ይወተፋል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይነጣል። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ደም ቅዳውን በረጅሙ ከፍቶ የረጋውን ደም መልቀም ነበር። ሰዓታት ይፈጃል። ብዙ ሰው ወይ እግሩን ያጣል፣ ወይ ጭራሽ ከአልጋው አይነሳም። ሐኪሞቹ ይህን በየጊዜው ያያሉ፤ ግን ያው፣ አሠራሩ ነዋ። ሰርጀን ዓይኑ ቁስሉ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የሰርጀኑን እጅ ነው የምናየው፣ የት ላይ እንደሚቸገር፣ የትኛውን መሣሪያ ተቀብሎ ወዲያው እንደሚመልሰው።

ልጁ ከፍ ብሎ ሕክምና ተማረ። ያ ነገር ግን ከጭንቅላቱ አልወጣም። ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ቀጭን ካቴተር ወሰደ። ከቀዶ ሕክምና ጓንት ላይ የጣት ጫፍ ቆረጠ። ቱቦው ላይ አለበሰውና ሊያጣብቀው ሞከረ። እምቢ። የጓንቱ ጎማና የቱቦው ፕላስቲክ በማጣበቂያ አልዋደድ አሉ። እና በክር አሰረው። ማሰሩን የት ተማረ ካላችሁ፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እነሱ አገር መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠሙ ዝንብ የሚመስል ማታለያ ይሠራሉ፤ ያንን አተሳሰር ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ይሄን ያነበብኩ ጊዜ ትዝ ያሉኝ እዚህ ሐይቃችን ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል ልጆች ናቸው። ጠዋት ለዓሣ ሾርባ ስትሄዱ ጀልባው ጥግ ተቀምጠው መረብ ሲጠግኑ አይታችሁ ከሆነ፣ ክሩን በጥርስ ይዘው፣ በሁለት ጣት አዙረው፣ ዓይናቸው ሐይቁ ላይ እያለ ቋጠሮው አልቆ ታገኙታላችሁ። ከአንዳንድ ኢንተርን፣ ከተለማማጅ ሐኪም ማለቴ ነው፣ ስፌት የነሱ ይሻላል። (ኢንተርኖች፣ ይቅርታ። እናንተም ታውቁታላችሁ።)

የፎጋርቲ ካቴተር አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ቦታ ትቀድዳለህ። ቱቦውን ፊኛው ባዶ እንደሆነ ታስገባና የረጋውን ደም አልፎ እንዲሄድ ታደርገዋለህ። ከዚያ ፊኛውን ትነፋዋለህ፣ ቀስ አድርገህ ወደ ኋላ ትስበዋለህ። የረጋው ደም ከፊቱ ተገፍቶ ይወጣል። በቃ። በ1961 እ.ኤ.አ. ጃክ ክራንሊ ከሚባለው አለቃው ጋር ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተጠቀሙበት። አምራቾች ግን ፊት ነሱት፤ ከዚያ ስንት ደጅ ጠንቶ ነው ኤድዋርድስ የሚባለው ኩባንያ የተቀበለው። ፓተንቱ የወጣው በ1969 ነው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ከመቶ በላይ ፓተንት አውጥቷል። የወይን እርሻ ሁሉ ነበረው፣ ስለ ብሩ ለምትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ባንግላዴሽ እንሂድ። ሳዬባ አክተር የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ናት፣ ዳካ ውስጥ። ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ያላቸው እናቶች ከእጇ ላይ ይሞቱባት ነበር። ማህፀን ውስጥ ገብቶ ተነፍቶ ደሙን ተጭኖ የሚያቆም ፊኛ ውጭ አገር አለ፤ ዋጋው አይቀመስም። እሷ ምን አደረገች? ካቴተር ላይ ኮንዶም አጥልቃ በክር አሰረችው። ከዚያ በጨው ውሃ ሞላችው፣ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር። ደሙ ቆመ።

ልብ አላችሁ? ጎማ፣ ቱቦ፣ ክር። ከፎጋርቲ ጋር አንድ ዓይነት እጅ ነው። እሷ ግን የሄደችው በሌላ መንገድ ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣችውና ዘዴው ከአገር አገር ተዛመተ። ማንም አንብቦ፣ ያው ያለውን ይዞ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሊሠራው ይችላል።

ታዲያ አንዱ ፓተንት አወጣ፣ አንዷ መጽሔት ላይ ጻፈች፣ የቱ ይሻላል ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ መጣላት እችላለሁ ግን ዛሬ አልጣላም። ለኔ ሁለቱም አንድ ወገን ናቸው። ሁለቱም ጽፈውታል።

ከማዶ ያለው ማነው ካላችሁ፣ የቻምበርለን ቤተሰብ ነው። እንግሊዝ አገር፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ምጥ ሲጠና የልጁን ጭንቅላት ይዞ የሚያወጣውን ፎርሴፕስ የፈጠሩት እነሱ ናቸው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ለማንም አላሳዩትም። በትልቅ ሳጥን ቆልፈው ነበር ምጥ ቤት ይዘውት የሚገቡት። ዕቃዎቹ በ1813 ከአንድ አሮጌ ቤት ወለል ሥር ተገኙ። በመሀል ስንት እናት፣ ስንት ልጅ... እሱን ተዉት።

የኛስ? እኛ ክፉ ሆነን አይደለም የምንደብቀው። አንጽፍም እንጂ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ሰርጀን ነበረን። ሆድ ሲከፈት ቁስሉን ገልጦ የሚይዝ ሪትራክተር የሚባል ብረት አለ። የሚይዘው ብዙ ጊዜ ኢንተርን ነው። ሥራው ሲረዝም የልጁ አንጓ ይዝላል፣ ብረቱ ይንሸራተታል፣ ሰርጀኑ ይጮሃል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ እንደገና ይንሸራተታል። ይህ ዶክተር መጮህ ሰለቸውና አንድ አሮጌ ሪትራክተር ይዞ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ብየዳ ቤት ሄደ። እኔም አብሬው ሄጃለሁ፣ በባጃጅ።

በያጁ ጋሼ ናቸው፣ ጥቁር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብረቱን አገላበጡት። ዶክተሩ እጀታው እንዲረዝም ነበር የፈለገው። እሳቸው ጠረጴዛው ላይ አስይዘው ሳብ አድርግ አሉት። ሳበ። "ዶክተር፣ ርዝመቱ አይደለም ጉዳዩ፤ አካፋ እንዲህ ይዞ የሚውል ሰው የለም" አሉና እጀታውን በእሳት አግለው ወደ ጎን አጠፉት፣ ክንድ ቀጥ ብሎ ክብደቱን ከትከሻ እንዲስብ። ጫፉ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታርፍባት ትንሽ ምላስ በየዱለት።

የመጀመሪያው በተራ ኤሌክትሮድ ነበር የተበየደው። ኦቶክሌቭ፣ መሣሪያ በእንፋሎት የምንቀቅልበት ማሽን፣ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የተበየደበት ጋ ቡናማ መስመር አወጣ። ዝገት! ሆድ ውስጥ ቢራገፍ የሚመጣውን አስቡት። ሰው ላይ ሳይነካ ተመለሰ። ጋሼ የስቴንለስ ኤሌክትሮድ አስፈልገው እንደገና ሠሩት፣ ብየዳውን እንደ መስታወት ሞረዱት። ያኛው ስንት ጊዜ ቢቀቀል ንቅንቅ አላለም። ኢንተርኖቹ ተጣሉበት፣ ከምሬ ነው፣ "ዛሬ ያንን ብረት ለኔ" እየተባባሉ።

ከዚያ ዶክተሩ ዝውውር ደረሰው። አዲስ አበባ ገባ። እሱን የሚያውቁት ኢንተርኖችም ጨርሰው ተበተኑ። አሁን ብረቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። በቀደም አዲስ የመጣች ልጅ አንስታ "ይሄ የተጣመመው ለመጣል ነው?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ሥዕል የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት የለው። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መላ አናጣም እኮ። በየሆስፒታሉ እንደዚህ ያለ ብረት ሞልቷል። ሰውዬው ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ፓተንትን የምወደው ለዚህ ነው። አስገድዶ ያጽፋችኋል። የኛ ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፣ የሚያስተዳድረው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። መብቱን ለማግኘት ፈጠራውን በሙያው ያለ ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ መግለጽ አለባችሁ። ፓተንቱ ለ15 ዓመት ነው፣ አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመራል። ከዚያ ለሁሉም ክፍት ነው። እንደ ዶክተሩ ብረት ላለ አነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል ሰርተፍኬት አለ፤ 5 ዓመት፣ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ።

ሰርጀኖች የምታዳምጡኝ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቀዶ ሕክምና ዘዴን ራሱን ፓተንት ማድረግ አይቻልም። ለዘዴው የሚያገለግለውን መሣሪያ ግን ይቻላል። ይህ ደግሞ ትክክል ነው እላለሁ። አሜሪካ አንድ የዓይን ሰርጀን የሞራ ቀዶ ሕክምና አቆራረጥን ፓተንት አድርጎ ሌላ ሐኪም ከስሶ ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ተረታ፣ ኮንግረሱም በዚያው ዓመት ሐኪሞች እንዲህ ባለ ነገር እንዳይከሰሱ ሕግ አወጣ። ቢላ መያዝ ሊከራይ ነው እንዴ?

ሌላው፣ ኮንፈረንስ ላይ ፖስተር ለጥፋችሁ ሲጨበጨብላችሁ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ካሳያችሁበት ቀን አንስቶ 12 ወር ውስጥ ካላመለከታችሁ አዲስነቱ ቀረ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያቺም ፋታ የለችም። ደግሞ ፓተንት አወጣሁ ብላችሁ ነገ ታካሚ ላይ አትሩጡ፤ ፓተንት ነገሩ አዲስ ነው ይላል እንጂ አይጎዳም አይልም። የዚያኛው ፈቃድ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ዶክተሩ ጋ ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። "ያ ብረት ገና አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ጽፈን እናስገባው አልኩት፣ ሥዕሉን እኔ ለክቼ እሠራዋለሁ። እሺ አለ፣ ከዚያ ግን ዝም አለ። "ፈጣሪ የሚለው ቦታ ላይ ማንን ነው የምንጽፈው?" አለኝ። ሐሳቡ የሱ ነው። የተፈጠረው በሥራ ሰዓት ከገጠመ ችግር ነው፣ ያረጀው ሪትራክተር የሆስፒታሉ ነው፣ ስለዚህ ሆስፒታሉም ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል። ማጠፉ ግን፣ ኢንተርኖቹን ያጣላው ያ ማጠፍ፣ የጋሼ ነው። ዶክተሩ እጀታ ይርዘም ነው ያለው እኮ።

እኔ ጋሼን ከላይ ነው የምጽፋቸው። ዶክተሩም አልተቃወመም፣ "እሳቸውን ጠይቂ" ብቻ ነው ያለኝ። ቅዳሜ ብየዳ ቤቱ ጋ እሄዳለሁ። በያጅ፣ አናጺ፣ ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ) የሆናችሁ፣ ለሐኪም የሠራችሁት ነገር ካለ በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ዝናቡ አባርቷል፣ መብራት ሳይሄድ ይሄን ልጫነው። ቻው።