አሟሟቴን አሳምርልኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳዬ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፑላንክ የደረሰው፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በሚላኑ ኦፔራ ቤት በላ ስካላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የቀርሜሎሳውያን (የአንድ ካቶሊካዊ የምንኩስና ማኅበር) መነኮሳይያት ኦፔራ ነው። ያየሁት የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ1987 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን የቀረጸውን ሲሆን፣ ለዚያም እዚህ ሰበታ መብራት የማይጠፋበትን ሌሊት መጠበቅ ነበረብኝ።

ታሪኩ እውነተኛ መነሻ አለው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ከኮምፒየን ገዳም የተያዙ 16 ሴቶች ሐምሌ 17 ቀን 1794 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በጊዮቲን አንገታቸው ተቀላ። የአብዮቱ የሽብር ዘመን መሪ ሮቤስፒየር ራሱ ከሥልጣን የወደቀው ከዚያ በኋላ በ10 ቀን ነው። ዋናዋ ባለታሪክ፣ ከፍርሃቷ ለመሸሽ ገዳም የገባችው ብላንሽ፣ በልብ ወለድ የተፈጠረች ናት።

የዝግጅቱ መክፈቻ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። መነኮሳይያቱ በመስቀል ቅርጽ በተዘረጋ ነጭ ወለል ላይ እጃቸውን ዘርግተው በግንባራቸው ተደፍተዋል። በሀገራችን ሰው ሲመነኩስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደርስለት፣ ከዚያ በኋላም ለዓለም እንደሞተ እንደሚቆጠር የሚያውቅ ተመልካች ሥዕሉን አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይረዳዋል። ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳም በሚገኝባት ከተማ ለምኖር ለእኔማ ቆብ የደፋች ሴት የዘወትር እይታዬ ናት።

ነገር ግን ልቤን የያዘው የአሮጊቷ እመ ምኔት አሟሟት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ሞት ስታሰላስል የኖረች ሴት፣ ሰዓቷ ሲደርስ ትጮኻለች፣ ትወራጫለች፣ ስለ እግዚአብሔር ማሰብ እንዳለባት ሲነገራትም አስቀድሞ እርሱ ስለ እኔ ያስብ ብላ ትመልሳለች። እኅት ማሪ ሌሎቹ ሰምተው እንዳይሰናከሉ መስኮቱን ታዘጋለች። ይህቺ መስኮት ከብዙ ስብከት ትበልጥብኛለች፤ በየለቅሶ ቤቱ “እንደ ሻማ ቀስ ብላ ጠፋች” እያልን የምንሸፍነው ጣር ስንት እንደሆነ አስታማሚ ያውቀዋል። በዚህ ቀረጻ እመ ምኔቷን የተጫወተችው ሬጂን ክረስፐን ናት፤ ከቀረጻው 30 ዓመት በፊት ኦፔራው ፓሪስ ላይ ሲቀርብ የተተኪዋን እመ ምኔት፣ የማዳም ሊዷንን ድርሻ የዘፈነችው እርሷው ነበረች።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ማታ ማታ በር ሳይዘጉ በፊት “አሟሟቴን አሳምርልኝ” ይላሉ። ጸሎቱ የሁላችንም ነው፤ ኦፔራው ግን ጸሎቱ ያልተሰማላትን ሴት አምጥቶ ፊታችን ያስቀምጣል። ወጣቷ መነኩሲት ኮንስታንስ ለዚህ የምትሰጠው ምክንያት፣ እመ ምኔቷ የሌላ ሰው ሞት በስሕተት ደርሷት ይሆናል፣ እኛ የምንሞተው አንዳችን ስለ ሌላችን ነው የሚል ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ፈሪዋ ብላንሽ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ በእርጋታ ወደ ሞት ስትሄድ፣ ያቺ አሮጊት የተነጠቀችው መልካም አሟሟት ለእርሷ እንደደረሰ እናስባለን። እኔ በነገረ መለኮቱ ብዙም አልደፍርም፤ በድራማነቱ ግን ከዚህ የተሻለ ቋጠሮ አላየሁም።

ስለ መጨረሻው ትዕይንት አንድ ነገር ልጨምር። መነኮሳይያቱ “ሳልቬ ሬጂና” የተሰኘውን የእመቤታችንን ምስጋና እየዘመሩ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ ጊዮቲኑ በወደቀ ቁጥር ከዝማሬው አንድ ድምፅ ይጎድላል። ፑላንክ የስለቱን አወዳደቅ ከዜማው ምት ጋር አላስማማውም፤ ስለዚህ ጆሮ አሁን ነው ብሎ ሊዘጋጅ አይችልም። ካሜራ ደግሞ በባሕርዩ ፊት ማሳደድ ይወዳል። በቴአትር ቤት ተመልካቹ ቁጥሩ ሲመናመን ባንድ ጊዜ ያያል፤ በቀረጻ ግን ፊት በቀረበ መጠን ጉባኤው ይጠፋል። ለዚህ ትዕይንት ከሩቅ የሚታይ ምስል ይበቃው ነበር ባይ ነኝ፣ ቆጠራውን ድምፁ በደንብ ይሠራዋልና። የምትመለከቱ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።

የእኅት ማሪም ጉዳይ አለ፤ ሁሉም የሰማዕትነት ስእለት እንዲገቡ የገፋፋችው እርሷ ሆና ሳለ፣ በዚያ ቀን ከመካከላቸው አልነበረችም። ይህ የደራሲ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛዋ ማሪም ከሞት ተርፋለች፣ የእኅቶቿንም ታሪክ ጽፋ ያስተላለፈችልን እርሷ ናት።