የቦይለር ሠራተኛው ወዴት ይሂድ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። «የከሰል ማመንጫ ሲዘጋ ሠራተኛው ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ ይዞራል» ሲባል ትሰማላችሁ። ድምሩ ወረቀት ላይ ይገጥማል። ችግሩ አዲሱ ሥራ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ሙያ አለመገኘቱ ነው።

የከሰል ማመንጫ ሌት ተቀን በፈረቃ ይሠራል። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ቦይለር የሚከታተል፣ ኮንቬየር የሚጠግን፣ አመድ የሚያነሣ፣ ውሃ የሚያጣራ ቋሚ ሰው ይፈልጋል። የፀሐይ ማመንጫ ግን ብዙ ሰው የሚፈልገው ሲተከል ብቻ ነው። ፓነሉ ታስሮ ኬብሉ ከተዘረጋ በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ቴክኒሻኖች፣ ጥበቃና ሣር አጫጅ ናቸው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ሥራ ተፈጠረ» ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው «ለስንት ወር?» ብዬ ነው።

ከሁሉም የሚቀለው ኤሌክትሪሺያኑን ማሸጋገር ነው። እሱም ቢሆን እጁ የለመደው ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ከረንት ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብልጭታው ለመጥፋት ዕድል አለው። ትልልቅ የፀሐይ ማመንጫዎች ላይ ግን እስከ 1,500 ቮልት የሚደርስ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት አለ፤ ዜሮን ስለማያልፍ ብልጭታው አንዴ ከተነሣ በቀላሉ አይጠፋም። ኬብል ከኬብል የሚያያይዘውን ኮኔክተር ከመንቀል በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት፣ ከዚያ ኬብሉን አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ከረንት አለመኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። ያም ሆኖ ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓነሉ ቮልቴጅ አለው። ደግሞ የተለያየ ፋብሪካ ኮኔክተሮች የገጠሙ ይመስላሉ፤ ውስጡ ላልቶ ሲግል ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሣል። ለጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ይህ የሳምንታት ሥልጠና ነው። የቦይለር ሠራተኛው ግን በፀሐይ ማመንጫ ውስጥ የሚነካው እንፋሎት የለም። ለእሱ የሚቀርበው የከርሰ ምድር እንፋሎት ወይም ባዮማስ፣ ማለትም እንጨትና የሰብል ተረፈ ምርት የሚያነድ ማመንጫ ነው፤ ያ ደግሞ ሁሉም ቦታ አይገኝም።

ከሥልጠናው በፊት ግን ቀኑ ይቀድማል። አውስትራሊያ፣ ላትሮብ ሸለቆ ውስጥ የነበረው ሄዝልዉድ ማመንጫ 1,600 ሜጋ ዋት ነበር። እንደሚዘጋ የተነገረው በፈረንጆቹ ኅዳር 2016 ነው፤ መጋቢት 2017 ተዘጋ። አምስት ወር! በአምስት ወር ውስጥ ማን ምን ይማራል? ከዚያ በኋላ አገሪቱ ማመንጫ የሚዘጋ ድርጅት ቢያንስ ከሦስት ዓመት በፊት እንዲያሳውቅ ደንብ አወጣች።

እዚያው የተሞከረ አንድ ዘዴ ደስ ይለኛል። በአጎራባች ማመንጫዎች ያሉ አንጋፋ ሠራተኞች ቀደም ብለው ጡረታ ይወጣሉ፤ ቦታቸውን ከሄዝልዉድ የተቀነሰው ይይዛል። የሠራው ለታሰበው ሰው ሁሉ አይደለም፤ ምክንያቱም ሁለቱም አሠሪዎች መስማማት አለባቸው፣ የሥራ መደቡም መግጠም አለበት። ስፔንም በፈረንጆቹ 2018 ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ስትስማማ ከ48 ዓመት በላይ ለሆኑ የማዕድን ሠራተኞች ቀደም ያለ ጡረታ ፈቅዳለች። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረውን ሰው ፓነል መግጠም ማስተማር፣ በእኔ ግምት፣ ለሪፖርት ማሟያ ነው።

ቦታውስ? ኤሌክትሪኩ ወደ መስመር የሚገባበት ጣቢያ፣ ሰብስቴሽኑ፣ እና የማስተላለፊያ መስመሩ ውድ ሀብት ናቸው። ሄዝልዉድ ላይ በ2023 የ150 ሜጋ ዋት ባትሪ ሥራ ጀምሯል። ባትሪው ግን ብዙ ሰው አይቀጥርም። ብዙ ዓመት የሚያሠራው ጭስ ማውጫ ማፍረስ፣ የአመድ ገንዳ መሸፈን፣ ከሰሉ የወጣበትን ጉድጓድ ግድግዳ ማረጋጋት ነው። በጀቱ ከመዝጊያው በፊት ከተያዘና ጨረታው ላይ «ቅድሚያ ለነባሩ ሠራተኛ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ዶዘር ነጂውና በያጁ በማግስቱ እዚያው ሥራ ይገባሉ።